የምን ዘይት? ለአንድ የጀልባ ሞተር ከዝዋይ እስከ ሸዋ ሮቢት

ሸዋ ሮቢት ወርጄ የጀልባ ሞተር ጠግኜ መጣሁ ስል ዝዋይ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። የእኛ ሰው ጀልባን የሚያውቀው በሐይቅ ነው፤ ሐይቅ በሌለበት አገር ጀልባ አለ ሲሉት የሚቀልዱበት ይመስለዋል። ስለዚህ ነገሩን በየሻይ ቤቱ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ወደዚያ የመሄድ አጋጣሚ ለማይኖራቸው ሰዎችም የመንገዱን ነገር እግረ መንገዴን አጫውታለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር ከሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለው ከቀወት ሁለት የገበሬ ማኅበር ሰዎች እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጥተው አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ወሰዱ። በአገራቸው ድርቁ ካለፈ በኋላ ዝናቡ ተመልሷል፤ እንዲያውም በዝቷል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ሕዝብ ሁለት ወር ያህል ሳይገናኝ ይከርማል። መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱት የብረት ጀልባ ስላላቸው የጎደላቸው ሞተር ብቻ ነበር። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩን ራሴ ሐይቃችን ላይ አስተካክዬ፣ እንዴት እንደሚያዝም በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ሐምሌ እንደገባ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከእነሱ መልእክት አመጣልኝ፤ «ሞተርህ ውሃ ላይ በወጣ በሁለት ሳምንቱ ሞተ» የሚል ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እኔን አላሳቀኝም። ሃያ ዓመት ሞተር ስነካካ ከእጄ ወጥቶ በሁለት ሳምንት የሞተ የለም። ያበላሹት እነሱ ናቸው ብዬ እዚያው ፈረድኩ። በሾፌሩ በኩል ረቡዕ እንደምደርስ ላክሁና ከጋራዡ የሳምንት ፈቃድ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ከዝዋይ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። ይህን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። ያረፍኩት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ቦርሳዬን ስከፍት ከያዝኳቸው ሁለት ጠርሙስ የሞተር ዘይቶች የአንዱ ክዳን ላልቶ የለበስኩት ሸሚዝ ዘይቱን በቦርሳው በኩል ጠጥቶት አገኘሁ። የአክስቴ ልጅ ሚስት በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ ሲያቅታት፣ በቃ አንተም ሞተር ሆነሃል፣ እንዲሁ ልበሰው አለችኝ። ሌላ ስላልነበረኝ እስክመለስ የለበስኩት ያንኑ ሸሚዝ ነው።

ማክሰኞ በማለዳ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ዝዋይ ብርድ እያልን የምናማርረውን እዚያ ቢሰሙት ያፍሩብናል። ሻዬን ከመጠጣት ይልቅ እጄን ስሞቅበት ቆየሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ኬላ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ በጨርቅ የቋጠርኳቸውን ትንንሽ የነሐስ ዕቃዎች አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው። የጀልባ ሞተር ዕቃ ነው አልኩት። የይለፍ ወረቀቴን እንደገና አነበበና ሸዋ ሮቢት ላይ ምን ባሕር አለ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ እሱ ጠርሙሱን አነሣ።

«ይኼስ?»

«ዘይት።»

«የምን ዘይት?»

«የሞተር ነዋ፤ የምን ሊሆን ኖሯል?» አልኩት። እንዲህ ዓይነት የማይረባ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ኬላ ላይ መቀመጡ አናድዶኝ ነበር። እባካችሁ ይችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ጣጣ ያወጣኝ ከጎኔ ተቀምጦ የነበረ የካራቆሬ ነጋዴ ነው። ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ለዘብ ያለ ሰው ነው። ጀልባማ አለ፣ እኔ ራሴ ባለፈው ወር ተሻግሬበታለሁ ብሎ መሰከረልኝ። ፈታሹ ቦርሳዬን መለሰልኝና ስሄድ ነጋዴው ከኋላዬ፣ «ሞተሩ ግን ሞቷል አሉ» ብሎ ጨመረበት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ እስከ ጣርማ በር ድረስ አላናገርኩትም፤ እሱ ግን ቅር ሳይለው ከስንቁ ሙልሙል ቆርሶ ሰጠኝ።

ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ከአውቶቡሱ መስኮት ያለፈ ነገር አያሳይም። ዋሻው ውስጥ ገብተን በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ግን አገሩ ሌላ ሆነ፤ ቆላው ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ መንገዱ መውረድ ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቀ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢውም ሹራቡም ጉልበት ላይ ተከምሮ ነበር። የወረድኩበት ሙቀት የዝዋይ ሙቀት አይደለም። የእኛ ሙቀት ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣለታል፤ የዚያ አገሩ ግን እንደ ጎረቤት ቤትህ ገብቶ ይቀመጣል።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት እትዬ አሰለፈች ይባላሉ። ምሳ ምን ላቅርብ ሲሉኝ፣ የለመደ አፍ ነውና፣ አሣ አልኳቸው። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ያሉትን ሁሉ ጠርተው እኔን አሳዩአቸው፤ አሣ የሚበላ ሰው መጣ እያሉ። በኋላ የማሽላ እንጀራ በፍየል ጥብስ አቀረቡልኝና የሸሚዜን ነገር አይተው የሟች ባላቸውን ሸሚዝ ሊሰጡኝ ፈለጉ። ለአንድ ቀን ደምበኛ ይህን ያህል ማሰባቸው ገረመኝ። ሸሚዙን አልተቀበልኩም፤ ለምስጋና ያህል የወጥ ቤታቸውን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጥብቄላቸው ወጣሁ።

ረቡዕ ማለዳ ከሆቴሉ በር ላይ ጋሼ እንድሪስ ሁለት አህያ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ጀልባውን እንዲይዙ የገበሬ ማኅበሩ የመረጣቸው እሳቸው ናቸው። ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ሂና የነካው ጢም ያላቸው፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የታጠቁ ሰው ናቸው። ሌሊቱን ተጉዘው ገና ከፈጅር ሶላት በኋላ እንደደረሱ ሰማሁ። እኔ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንቱ እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ስንሄድ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ሐይቃችን ጠየቁኝ እንጂ ስለ ሞተሩ ትንፍሽ አላሉም። እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ስለ ችግር አይነገረውም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ዝምታቸውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጌ ቆጠርኩት።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ውሃ ሰጡኝ። ሞተሩ የት ነው ስል ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። በታጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ባልና ሚስቱ መደብ ላይ ነው የሚተኙት። ይህን ሳይ ንዴቴ ትንሽ በረድ ማለት ነበረበት፤ አላለም።

ያን ጊዜ ነው የሚያስጨንቃቸውን ነገር የነገሩኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ሉባባ ያገባችው ከውሃው ማዶ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነሐሴ ላይ ትደርሳለች። በአገሩ ልማድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሲሆን፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም ያለው በዚህኛው ማዶ ነው። ሊያመጧት ቀን ቆርጠው ሳለ ሞተሩ ቆመ። ወንዶቹ በተነፋ የመኪና ጎማ እናሻግራት አሉ። አምና በጎማ ሲሻገር ውሃው የወሰደው ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ጋሼ እንድሪስ እምቢ አሉ። በስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ጀልባ ይሁንልን ያሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን ውሃው በየቀኑ ይሰፋል፤ የሉባባም ቀን ይቀርባል።

ካርቡራተሩን ፈትቼ ከፈትኩት። ውስጡ ማር የፈሰሰበት ይመስላል፤ ቡናማ፣ ሙጫ የሆነ ነገር ተንሳፋፊዋን ከነመርፌዋ ይዞ አድርቋታል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ጂግለር ፈጽማ ተደፍናለች። አሸተትኩት። የቤንዚን ሽታ አይደለም።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ቤንዚኑ ላይ ምን ጨመራችሁበት?»

«ያዘዙንን። ዘይት።»

«የምን ዘይት?»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የኬላው ፈታሽ ፊት ድቅን አለብኝ።

«የሰሊጥ ነዋ። ንጹሕ፣ የዘንድሮ። ፋጡማ ራሷ ያስጨመቀችው ነው፤ ሲያልቅ ጎረቤትም አዋጣ» አሉኝ። ከድርቅ በወጣ አገር፣ ልጆች በእንጀራ የሚያጣቅሱትን ዘይት ነው ለሞተር ያጠጡት።

ያልኩትን ብደብቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው ጠፋ ወይ አልኳቸው። ጋሼ እንድሪስ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቆዳ ማኅደር፣ ቁርአናቸው ካለበት፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ ወረቀት ነበረች። ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ ሳይቸኩሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ።

«ቤንዚኑን ባዶውን እንዳትጠቀሙ። በአንድ ጀሪካን ቤንዚን ላይ አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ዘይት ቀላቅሉ። የተቃጠለ ዘይት በጭራሽ እንዳትነኩ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የሳትነው የቱ ላይ ነው?»

የትም ላይ አልሳቱም። እኛ ጋራዥ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት የምንለው ከመኪና ሆድ የወጣውን አሮጌ ዘይት ነው፤ በሰው ቤት ግን አንድ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት ነው። ንጹሕ ዘይት ቀላቅሉ፣ የተቃጠለ አትንኩ ያልኩት እኔ፤ ከቤታቸው ንጹሑን፣ ምንም ያልተጠበሰበትን መርጠው የሰጡት እነሱ።

«ፊደል የቆጠርኩት ካቻምና በመሠረተ ትምህርት ነው» አሉኝ ወረቀቷን እያጠፉ። «እጄ የገባው የመጀመሪያው ደብዳቤ የእርስዎ ነው። ወላሂ፣ አንድ ቃል አላጎደልኩም።»

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይድናል ወይ አሉኝ። እንጃ ማለት ስላልቻልኩ ይድናል አልኩ።

ሐሙስ ጠዋቱን ሙሉ ከሙጫው ጋር ስታገል አረፈድኩ። በዚያ በኩፖን በሚገኝ ውድ ቤንዚን ውስጥ ብዘፈዝፈው፣ በጨርቅ ብፈትገው ወይ ፍንክች። የሞተር ቆሻሻ በቤንዚን ይለቃል፤ ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እትዬ ፋጡማ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«የሰሊጥ ዘይት ዕቃ ላይ ከደረቀ አመድ ነው የሚፈልገው። እኔ ጋኑን የማጥበው በምን ይመስልዎታል?»

አመድ ካርቡራተር ውስጥ! ዝዋይ ያሉት ባልደረቦቼ ቢሰሙ ከጋራዥ ያባርሩኛል። ግን ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? አመዱን በፈላ ውሃ በጥብጠው አጠለሉልኝ። የነሐስ ዕቃዎቹን ከትቼ ጠበቅሁ፤ የአሉሚኒየሙ አካል በዚያ ውሃ እንዳይበላብኝ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እየወለወልኩ ቶሎ አለቀለቅሁት። እውነትም ሙጫው እንደ ሳሙና እየሟሟ ለቀቀ። የቀረችው የጂግለሯ ቀዳዳ ናት። ሽቦ ቢገባባት ትሰፋለች፤ ስለዚህ ከጎረቤት በቅሎ ጅራት አንድ ጭራ ነጭተው ሰጡኝና አሳልፌ አሳልፌ ብርሃን አሳየችኝ። በመጨረሻ ዘይትን የሚያውቁት ዘይት አስጨማቂዋ ሆነው ተገኙ፤ እኔም የመካኒክነት ሞያዬን በአመድ ውሃ አጠብኩ ብዬ አሳቅኋቸው።

ለራት ዶሮ መጣ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ እነሱ የባረኩትን እንደማልበላ አስበው፣ ዶሮውን ከመንደሩ ዳር ያለ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ጋር ወስደው አሳርደው፣ በእሱው ድስት አሠርተው ነው ያቀረቡልኝ። እነሱ ከጎኔ ሆነው ሽሮ በሉ። እኛ ዘንድ እንግዳን ብላ ብላ ማለት እናውቅበታለን፤ እንዲህ አስበን ግን እናውቃለን ወይ?

ዓርብ ማለዳ ሞተሩን ጀልባው ላይ አሰርን። እነሱ ባሕሩ የሚሉት ውሃ ከዛፎቹ መካከል ተንጣሎ ተኝቷል፤ ከሐይቃችን በቀለሙ ብቻ ይለያል፤ እንደ ወተት ሻይ ነው። የተረፈችኝን አንድ ጠርሙስ የሞተር ዘይት ቤንዚኑ ላይ ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ቀላቀሉ። የቤንዚን ማስተካከያውን ብሎን እስከ መጨረሻው ጠቅልዬ፣ ዝዋይ ላይ በለመድኩት ልክ አንድ ዙር ከሩብ መለስኩት። ገመዱን ስስበው በአራተኛው ተነሣ። ከውስጡ የቀረው ዘይት ሲቃጠል ጢሱ ሰሊጥ የሚቆላ ይመስል ሸተተ፤ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚሠራበት፣ ጥሩ ነበር፤ ዝም ብሎ ያንጎራጉራል። ጋሼ እንድሪስን ይዤ ገፋሁ። መካከል ደርሰን ነዳጅ ስሰጠው ግን አስነጠሰ፤ ደግሞ አስነጠሰ፤ ከዚያ ጸጥ። ጀልባው ቀስ እያለ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ወዲያ ማዶ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ የቆመች ሴት ትታየኛለች፤ ሉባባ እንደሆነች ማንም አልነገረኝም፤ አወቅሁ። እንደገና ብቀሰቅሰው ነዳጅ ስሰጠው ያው ነው። አባቷ ጀልባውን በረጅም እንጨት ይዘው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያኔም ሲፈጥን ያስነጥስ ነበር፤ ቀስ እያልን ነው የተሻገርንበት። ቆላ ነው እኮ። እዚህ አገር ሰዉም ከብቱም የበለጠ ይጠጣል። እሱም ሳይጠማው አይቀርም።»

ይህን ነው የረሳሁት። ለካ ሞተሩን ለዝዋይ አየር ነው ያስተካከልኩት። ከዝዋይ ወርጄ የመጣሁበት ቆላ አየሩ ወፍራም ነው፤ ወፍራም አየር የሚጠጣ ሞተር ቤንዚንም አብሮ ይፈልጋል። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኗን ሩብ ዙር ከፈትኩ። ነዳጅ ሰጠሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስነጠሰ። ትንሽ፣ የጥፍር ያህል ጨመርኩላት። ድምፁ ተሰበሰበ፤ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ፤ የጀልባው አፍንጫም ከውሃው ብድግ አለ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ በማላውቀው ውሃ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሉባባ ከአማቷ ጋር ተሳፈረች። ስትቀመጥ አይቆምም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይቆምም አልኳት፤ በልቤ ግን ጸሎት ላይ ነበርኩ። ስንመለስ መሪውን ለጋሼ እንድሪስ ሰጠኋቸው። ወረቀት ሳይሆን ጆሮ ነው የሚያስፈልግዎት፤ ካስነጠሰ ጠምቶታል፣ ይክፈቱለት፤ ከጨሰና ካጉረመረመ ጠግቧል፣ ይዝጉበት አልኳቸው። አንዴ ብቻ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ብሎኗን እኔ አልነካሁም። እትዬ ፋጡማ ጀልባው ጭቃው እስኪነካ አልጠበቁም፤ ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ሉባባ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና፣ «እማ፣ ጀልባው ገና እዚያ ማዶ ሳለ የእኛን ቤት ሸተተኝ» አለቻቸው። እኔ ሞተሩ ላይ አጎንብሼ የጠበቀውን ማሰሪያ እንደገና አጠበቅሁ።

ከጁምዓ በኋላ አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። ጋሼ እንድሪስ በየቃሉ እያስቆሙ ጠየቁኝ። የሞተር ዘይት፤ ከነዳጅ ማደያ የሚገኝ፤ የማይበላ። «የማይበላ» የምትለዋን አስምርባት አሉኝ። አስምርባት! ከረቡዕ ጀምሮ አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሰው አንተ አሉኝ፤ ጆሮዬ ደስ አለው። አሮጌዋን ወረቀት ልቅደዳት ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ናት ብለው ሁለቱንም ከማኅደራቸው ከተቱ።

ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ፣ እሑድ ወደ ዝዋይ። ስመለስ ኬላው ላይ ያ ፈታሽ ቢኖር ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሐይቃችንን ሳይ አገሬ ገባሁ አልኩ፤ ግን ለብዙ ቀን ነፋሱ ቀጥኖ ይሰማኝ ነበር።

በመስከረም ያ ሾፌር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ አመጣልኝ። አንገቱ ላይ የታሰረችውን ወረቀት ከፍቼ፣ እኔም በተራዬ ጣቴን ከየቃሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኳት። ፊደሎቹ ትላልቅና የተራራቁ ናቸው።

«ለልጄ ለመካኒክ ሽፈራው። እንደምን ከርመሃል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሉባባ በእናቷ ቤት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ጀልባው እስካሁን አልቆመም። ሲያስነጥስ አጠጣዋለሁ። ይህ ዘይት የሰሊጥ ነው። የሚበላ ነው። ሞተር ላይ እንዳታደርገው።»

«የሚበላ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።